ወፍጮዋ ዝም ስትል

የገርባን ፒካፕ በዓይኑ ከሚያውቃት ይልቅ በጆሮው የሚያውቃት የናዝሬት ሰው ይበዛ ነበር። ገና ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ «ወፍጮዋ መጣች» ይባላል። ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚሸኘው ወፍራም ብረት፣ መካኒኮች ማኒፎልድ የሚሉት፣ በመጨረሻው ሲሊንደር በኩል ከተሰነጠቀ ዓመታት አልፈዋል። በሳልዳቱራ ይበየዳል፤ ሰንበት ብሎ እንደገና አፉን ይከፍታል። አዲስ ለመግዛት እንዳይታሰብ፣ በዚያ ዘመን መለዋወጫ በማመልከቻ የሚለመን እንጂ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ስለዚህ መኪናዋ ከመልካሳ ሽንኩርት ጭና በመጣች ቁጥር የተኛ ሕፃን ትቀሰቅሳለች፣ ውሻ ታስጮኻለች። የገርባ ሚስት ሽታዬም ድምጿን ስትሰማ ድስቷን ትጥዳለች፤ ባሏ ገብቶ እጁን እስኪታጠብ ወጡ ይደርሳል።

አንድ ልጃቸው ቀነዓ ያደገው በዚህች መኪና ጭነት ላይ ነው። ትምህርት በሌለበት ቀን ሁሉ ከአባቱ ጋር ይወጣል፤ ይጭናል፣ ያራግፋል፣ ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ ይመለሳል። በዚያ ጩኸት መሀል ከፊት የተቀመጠ ሰው ከኋላ የሚናገረውን አይሰማም፤ ስለዚህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በመዳፍ ነበር። ቀነዓ የመኪናዋን ጎን አንዴ ከመታ ቁም ማለት ነው፤ ሁለቴ ከመታ ጨርሻለሁ፣ ሂድ። የጫኝ ሁሉ ልማድ ነው። ገርባ ሌላ ሰው ሲመታለት ግን ወርዶ ገመዱን ይነካካል፣ ጆንያውን ይገፋል፤ ሰው አያምንም። ልጁ ሁለቴ ሲመታለት ወደ ኋላ ዞሮ እንኳ አያይም። ሂድ ካለው ይሄዳል፣ በቃ።

ቀነዓ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት ቤት በዋለበት ዓመት፣ በ1982 መሆኑ ነው፣ የሰሜኑ ጦርነት የሰው ልጅ አልጠግብ ብሎ ነበር። ቀበሌው ስኳር በኮታ ያከፋፍላል፣ ልጅም በኮታ ይሰበስባል፤ ልዩነቱ ስኳሩ የሚቀርበት ወር አለ፣ የልጁ ግን ቀርቶ አያውቅም። ከጎረቤት የሄዱት ልጆች አንዳቸውም ደብዳቤ አልጻፉም። ሽታዬ ይህን ስታይ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አላት፤ ገርባም ልጁን ጆንያ አልብሶ በመኪናው ወደ አርሲ ነገሌ ወሰደው። እዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጓሮዋ ከጫካ የሚገናኝ እህቱ ጉዲቱ ትኖራለች። ለሰፈሩ ልጁ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ለትምህርት ሄዷል ተባለ። ገርባ ሲለየው የነገረው አንድ ነገር ነበር።

«የመኪና ድምፅ ስትሰማ ጓሮውን ይዘህ ጫካ ግባ፤ ማንም ይሁን ማን። የእኛ ወፍጮ ከሆነች ብቻ ውጣ። እሷን መቼም አትስታትም።»

ቀነዓ ሳቀ። እሷንማ ሞቼም እለያታለሁ አለ።

ገርባና ሽታዬ ወንጌላውያን ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ በር ዘግተው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ በሹክሹክታ መዘመር ለምደዋል። ቀስ ብሎ መናገር፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ በር ሲከፈት እንኳ እንዳይንቋቋ ማጠፊያውን ዘይት መቀባት በእነዚያ ቤቶች ውስጥ እንደ ጸሎት የተለመደ ነበር። ድምፁ ያሳሰረው ሰው ብዙ ነው፣ ዝምታው ያሳሰረውን ግን ማንም አያስታውስም። ከዚያ ቤት የምትጮኸው መኪናዋ ብቻ ነበረች።

እሷም አሳጣቻቸው። አንድ ማክሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ባጫ ገርባን መንገድ ላይ አቆመውና ጤና ጠየቀው፤ የሽታዬን ጤና ጠየቀ፣ የቀነዓን ትምህርት ጠየቀ። ባጫ ድሮ ከገርባ ጋር ሽንኩርት የሚነግድ ሰው ነበር፤ ሥልጣን ካገኘ በኋላ ጠረኑ ሳይቀር ተለውጧል።

«ወፍጮህ እሑድ ማለዳ ወጥታ አመሻሽ ላይ ገባች» አለው። «በጆሮዬ ነው የሰማኋት። እናንተ ጴንጤዎች እሑድ ሥራ አትሠሩም ነበር፤ ምን ተገኘ?»

ገርባ የታመመ ዘመድ ጠይቄ ነው አለ። ባጫም ይማርልህ ብሎት ሄደ። ገርባ ቤቱ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ልጁን አይቶ የተመለሰበትን ቀን ከተማው ሁሉ በጆሮው ይዞለት ኖሯል። በመንገዱ ያሉት ኬላዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ጠባቂዎቹ ገና ሳያዩት በድምፅ ለይተው ገመድ የሚያነሱለት ነበሩ፤ ለወትሮው ይህ ያስደስተው ነበር።

በዚያው ዕለት ከነገሌ እህል ይዞ የመጣ ነጋዴ የጉዲቱን መልእክት አደረሰ። የገበሬ ማኅበሩ ከቅዳሜ ገበያ በፊት ቤት ለቤት ሊፈትሽ ነው፤ ልጁን ሐሙስ ና ውሰደው። መውሰጃውስ ተዘጋጅቶ ነበር። ሻሸመኔ ላይ የእምነት ወንድማቸው የሆነ የከብት ነጋዴ ቀነዓን ተቀብሎ ወደ ሞያሌ ሊያሻግረው ቃል ገብቷል። የቀረው ከናዝሬት ነገሌ፣ ከነገሌ ሻሸመኔ ሳይታወቁ መድረስ ነው። በሌላ ሰው መኪና እንዳይሄድ፣ በዚያ ጊዜ እንዲህ ላለው ነገር መኪናውን የሚያውስ ወንድምም አልነበረም። ሽታዬ አልቅሳ ስትጨርስ ባሏን አየችው። «እሷን ዝም አሰኛት» አለችው።

ኑሬ ናዝሬት ውስጥ እጁ የተመሰከረለት፣ አፉም ከእጁ የማያንስ መካኒክ ነበር። ገርባ ለምን እንደቸኮለ አልነገረውም፤ ጩኸቱ አማረረኝ፣ አቀበትም አልወጣ አለችኝ አለው እንጂ። ኑሬ እሰይ አለ፤ እሱ ይህን ስንት ዓመት ሲለምን ነበር። መጀመሪያ ሞጆ ከወደቀች ተመሳሳይ መኪና ላይ የተፈታ ማኒፎልድ አመጣለት። ሲያዩት ደህና ነው። ኑሬ በገመድ አንጠልጥሎ በመዶሻ ቢነካው ግን እንደ ደወል መጮህ ሲገባው እንደ እንጨት ድም አለ። ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ሲግል ይከፈታል አለ። ገርባ ዝዋይ ኬላ ላይ ሲከፈት ታየውና እጁን አወራጨ።

ከዚያ ኑሬ ከውሃ ቧንቧ ቆርጬ ልሥራልህ አለ። የውሃ ቧንቧ ግን ስስ ነው፣ ሙቀቱን አይችልም፤ ደግሞ ሳምንት ይፈጃል። ገርባ ሳምንት የለኝም ብሎ ሊጮህ ደርሶ ዋጠው። በመጨረሻ ኑሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ከጅቡቲ ተደብቆ የመጣ፣ ለውድድር መኪና የተሠራ ዕቃ አለው አለ። ሄደው አዩት። አራት ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከየራሱ ሲሊንደር ተነሥቶ፣ ተጠማዞ፣ ታች ሲደርስ ከወንድሞቹ ጋር አንድ አፍ ይሆናል። ኑሬ ሕፃን እንደ ማቀፍ አቀፈው። ሞተሩ እስከ ዛሬ በአንድ አፍንጫ ነበር የሚተነፍሰው፣ አሁን እያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱን አፍንጫ ያገኛል አለ። የሞጆው ዓይነት ቢገኝ ግን ይሻል ነበር፣ ልኳ እሱ ነው፣ የተወለደችበትን ድምፅ ይመልስላታል፤ ይሄኛው ድምጿን ጨርሶ ይለውጠዋል ሲል አስጠነቀቀው። ገርባ የፈለገው ድምጿ እንዲለወጥ ነበር። የሽታዬን የስፌት መኪና ሰጥቶ ወሰደው።

መግጠሙ አበሳ ሆነ። አሮጌው ማኒፎልድ የታሰረባቸው ቡሎኖች ዝገው ስለነበር ሲፈቱ ተሰበሩ፤ ጉማጃቸው ቴስታታ በሚሉት የሞተሩ አናት ውስጥ ቀረና እየተበሳ መውጣት ነበረበት። ጭሱ እንዳያመልጥ መሀል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ኑሬ ከሉህ ላይ በመቀስ ቆረጠ፤ አንዱን አበላሽቶ ደገመው። ቱቦዎቹ ሲገቡ ደግሞ አንደኛው ከመሪው ዘንግ ጋር ተጋጨ። ኑሬ በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ ጎኑን አጎድጉዶ አሳለፈው። እያንዳንዱ ቱቦ የየራሱ ጆሮና የየራሱ ሁለት ማሰሪያ ዳዶ ነበረው፤ ገርባ በተጠበቁ ቁጥር በዓይኑ ይከተላቸዋል። ሽታዬ የላከችው ምሳ ሳይነካ ቀዘቀዘ። አንዳንዴ ተነሥቶ ጋራዡ በር ድረስ ይሄዳል፣ መንገዱን አይቶ ይመለሳል። ኑሬ ሰውዬው መኪናውን እንዲህ መውደዱን አላውቅም ነበር ብሎ ለጎረቤት አወራ።

ኑሬ ከትልቅ መኪና የተፈታ ማርሚታም ከኋላ ጨመረበት፤ ድምፅ የሚያፍነው እሱ ነው። ከዚያ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ተነሣች፣ ጋራዡ ውስጥ ግን ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ኑሬ ነዳጅ ሰጣት፤ ወፈር ያለ፣ የተረጋጋ፣ የባለሥልጣን መኪና የመሰለ ድምፅ ከታች መጣ።

«ጋሽ ገርባ» አለ ኑሬ እጁን እየጠረገ፣ «ከእንግዲህ ሰፈሩ ቀርቶ፣ ልጅዎ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እሱ እንኳ በድምፅ አይለያትም።»

ገርባ ልጁ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ሽታዬን አጣት። በሩ ክፍት ነው፣ እሳቱ ይነዳል፣ እሷ የለችም። ሲጣራ ከጓሮ፣ ከሸንበቆው ጀርባ ፊቷ አመድ መስሎ ብቅ አለች። ደጃፏ ላይ የማታውቀው መኪና ሲቆም የመጡባት መስሏት ነበር። ተያይተው ሳቁ፤ ሽታዬ ሳቋ ወደ ልቅሶ እስኪሄድ ድረስ ሳቀች። ጌታ ይመስገን አሉ። እግዚአብሔር ግልጥልጥ አድርጎ ያሳያቸውን ነገር ሁለቱም አላዩትም።

ሐሙስ ማለዳ ገርባ የቦሎቄ ዘር ጭኖ፣ ለልጁ መደበቂያ መሀሉን ክፍት ትቶ ወጣ። በባጫ ደጅ አለፈ፤ መስኮቱ እንደተዘጋ ቀረ። ሞጆን አለፈ፣ መቂን አለፈ። ዝዋይ ኬላ ላይ ሁልጊዜ ከሩቅ ሰምቶ ገመድ የሚያነሣለት ጠባቂ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያወራ ቆየና፣ መኪናዋ አጠገቡ ስትደርስ ደንግጦ ዞረ። ገርባን በመልክ አላወቀውም። ዘሩን ዳሰስ አድርጎ ሂድ አለው። ከዚያ ወዲያ ገርባ መዝሙር ጀመረ። በዚያች መኪና ውስጥ የገዛ ድምፁን ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህም ጮክ ብሎ አልዘመረም። ቡልቡላን እየዘመረ አለፈ፣ ላንጋኖን በግራው ጥሎ እየዘመረ ሄደ። ልጁን ጭነቱ ውስጥ ከመሸሸጉ በፊት ጥቂት በጎኑ አስቀምጦ ሊያሰማው፣ እስቲ ስማት፣ ትንፋሽ እንኳ የላትም ሊለው ቸኮለ።

ነገሌ ሳይገባ በአቧራው መንገድ ታጥፎ፣ የባሕር ዛፉን ጥግ ይዞ ጉዲቱ አጥር ላይ ቆመ። ቀነዓ ከአጥሩ ብቅ የሚልበት ቦታ ባዶ ነው። ጉዲቱ እጇን ከራሷ ላይ ጭና ከቤት ወጣች፤ መኪናዋን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ እንደገና መኪናዋን አየች።

«አንተ ነህ?» አለች። «ገርባ፣ አንተ ነህ? ልጁ ከንጋት ጀምሮ ጫማውን አስሮ፣ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ሲጠብቅህ ነበር። መኪና መጣ፣ አባትህ ይሆናል ስለው፣ የአባባ አይደለችም አለኝ። ድምጿ አይደለም ብሎ አሁን በጓሮ ወጣ። ምን አድርገሃት ነው?»

ገርባ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ማንም ይሁን ማን ያለው እሱ ራሱ ነው። የእኛ ወፍጮ ከሆነች ብቻ ያለው እሱ ነው። ኑሬ ነግሮታል፣ ሽታዬ በጓሮ ሮጣ አሳይታዋለች፤ እሱ ግን ስቋል። በዕድሜው ራሱን እንደዚያ ጠልቶ አያውቅም። ወርዶ ወደ ጫካው ጥቂት ሮጠና ቆመ። ስሙን ቢጠራ አገሩ ሁሉ ይሰማል። ጥሩምባ ቢነፋ የወታደር መኪናም ጥሩምባ አለው፣ ልጁን ይብስ ያርቀዋል። ልጁን ከዚያ ጫካ ሊያወጣ የሚችል ድምፅ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጁ ገድሎታል።

ተመልሶ ኮፈኑን ከፈተ። መፍቻ ይዞ የመጨረሻውን ቱቦ ዳዶዎች ያዘ፤ አሮጌው ስንጥቅ የነበረው እዚያው ላይ ነው። ቱቦው እንደ ምጣድ ግሏል። መዳፉ ሲጠበስ ሰማው፣ ሸተተውም፤ አልለቀቀም። ሁለቱን ዳዶዎች አላልቶ ቱቦውን በመዶሻ ከቦታው ገፋ አደረገና ሞተሩን አስነሣ። ወፍጮዋ ጮኸች። ነዳጁን ረገጠ፤ የጉዲቱ ዶሮዎች ተበተኑ፣ ውሾች ከየቤቱ ተንጫጩ፣ ድምፁ ከጫካው ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ና፣ እኔ ነኝ፣ ና ልጄ እያለ በእግሩ ደጋግሞ ረገጠ።

ከጫካው የወጣችው እንጨት ለቃሚ ሴት ናት። ጭነቷን ጥላ ነው የመጣችው። ለጉዲቱ በኦሮምኛ ስትነግራት ገርባም ሰማ። የገበሬ ማኅበሩ ሚሊሺያዎች ከጎሕ ጀምረው ጫካው ውስጥ አድፍጠው ነበር። መኪና በመጣ ቁጥር ልጆች ከየቤቱ ወደ ጫካ እንደሚሮጡ ያውቃሉ፤ ቤት ለቤት ምን አደከማቸው፣ የሚሮጠውን ቆመው ይቀበሉታል። አሁንም ሻንጣ የያዘ አንድ ረጅም ልጅ እየሮጠ መጥቶ እቅፋቸው ውስጥ ገባ። ከሌሎቹ ጋር አስረው ወደ አስፋልቱ አውርደዋቸዋል፤ መኪና እዚያ ይጠብቃቸዋል። ጉዲቱ «ማል ወያ፣ ማል ወያ»፣ ምን ይሻላል እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ገርባ አስፋልቱ ላይ ሲደርስ የጭነት መኪናው ልጆቹን ጭኖ ወደ ሰሜን ተነሥቷል። ጎኑ እንጨት ነው፣ ከላይ በሸራ ተሸፍኗል፤ ከኋላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሚሊሺያዎች እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ደረሰበት። ደርሶ ምን እንደሚያደርግ አላሰበም፤ የሚደረግም ነገር አልነበረም። ልጁ ግን እዚያ ሸራ ውስጥ ተቀምጦ፣ አባቴ ሳይመጣልኝ ቀረ ብሎ እያሰበ ይሄዳል። እንዲህ እያሰበ ጦር ሜዳ ይደርሳል፤ እንዲህ እያሰበ ይሞታል። ገርባ ይህን ሊችለው አልቻለም። በተቃጠለ እጁ መሪውን ይዞ፣ መኪናዋን ከሸራው ጎን አስጠግቶ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ።

ከሚሊሺያዎቹ አንዱ ተነሥቶ ጠመንጃውን ደገነበት። ገርባ አልራቀም። አንዲት ምት ጠበቀ። አንዴ ከተመታለት ይቆማል፣ መኪናዋን መንገዱ ላይ አጋድሞ ይቆማል፣ እግራቸው ላይ ይወድቃል፣ ይተኩሱበት እንደሆነም ይተኩሱ። ጌታ ሆይ፣ አንዴ ይምታልኝ አለ።

ከሸራው ውስጥ የጭነት መኪናው እንጨት ተመታ። መዳፉን ያውቀዋል፤ ያ መዳፍ ሽንኩርት ሲጭን ነው ያደገው። አንዴ፣ ሁለቴ። ልጁ አባቱ እንዳልሰማ ቆጥሮ ደገመለት፤ ሁለቴ።

ገርባ ዞሮ አላየም። ልጁ ሂድ ብሎታል፣ ሄደ። የጭነት መኪናውን አለፈው፤ ጠመንጃውም ሳይተኮስ ወደ ኋላ ቀረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ናዝሬት ገባ። ሽታዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ወፍጮዋ ከአስፋልቱ ስትታጠፍ እሷም እንደ ሰፈሩ ሁሉ ሰማቻት። ዝም ብላ የሄደች መኪና እየጮኸች ለምን እንደምትመለስ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ድስት አልጣደችም።